የድሬሰር ጠና ጥቁር ቅባት

«በሰባ ዓመቱ ልብሱን ራሱ የሚያጥብ ባል እስኪ የት ይገኛል?» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ የሻይ ብርጭቆዋን እግሯ ሥር አስቀምጣ።

«እኔ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ» አለች ሌላዋ። «ከጓሮ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብለው ሱሪያቸውን ሲያሹ ደረስኩ። አፍሬ ‹ኧረ ጋሽ ጠና፣ ይስጡኝ› ብላቸው፣ ‹ገነቴ አርባ ዓመት አጥባልኛለች፤ ከእንግዲህ ትረፍ› አሉኝ።»

«ቤተ ክርስቲያንስ? ወንበራቸውን ለሰው ለቀው ከኋላ በሩ ሥር ይቆማሉ። ይኸው ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ተቀምጠው አላየሁም። ትሕትና ማለት ይኼ ነው።»

«ጾም ጸሎታቸውስ! ሰውነታቸው አልቆ ኮታቸው የሌላ ሰው መስሎ ነበር እኮ።»

ዓርብ ረፋድ ነው። የእድሩ ድንኳን የተተከለው ሺንሺቾ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በድሬሰር ጠና ግቢ ውስጥ ነው። የሟች ሚስት ገነቴ ይህን ሁሉ ምስጋና ስትሰማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አጠገቧ የተቀመጠችው አንድ ልጇ አዜብ ግን በሐዘኗ መሃል ኮራ አለች። ሆሳዕና ከተማ ፋርማሲስት ሆና ሥራ ከጀመረች ወዲህ በአባቷ በሰው ፊት ስትኮራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው ማለት ይቻላል።

ገና አላለቀሰችም። ሰው ሲያቅፋት ታቅፋለች፣ ሲያለቅሱላት አንገቷን ትደፋለች፤ እንባው ግን እምቢ ብሏል። ማክሰኞ ከሰዓት አባቷን በስልክ አውርታዋለች። ስለ ታኅሣሥ ብርድ፣ ስለ ጎረቤት ላም፣ ስለማይረባው ነገር ሁሉ አወሩ። አምና ጥቅምት ሆሳዕና ድረስ መጥቶ እሷ ዘንድ የቆየበትን አራት ቀን አንስቶ፣ «ያ ቧንቧሽ አሁንም አያንጠባጥብም አይደል?» ብሎ ጠይቋት፣ አያንጠባጥብም ስትለው ስቋል። ረቡዕ ረፋድ ላይ እናቷ ደወለች። ጠና ከጓሮ በር ላይ ወድቆ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ትንፋሹ አልነበረም። «ልቡ ሳይሆን አይቀርም» ተባለ። ሐሙስ ዕለት መቃብር ላይ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ «ባደረባቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም» የምትለው ቃል በደንብ ጎልታ ተነበበች። አዜብ ግን ሁለት ቀን ሙሉ በውስጧ የሚመላለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማክሰኞ እኮ ስቆ ነበር።

«እህቴ አዜብ» የሚል ሹክሹክታ ከኋላዋ መጣ።

ወንጌላዊ ሲላስ ነው። ትናንት መቃብር ላይ አገር በሚሰማው ድምፁ የሰበከው ሰው፣ አሁን ድምፁን ውጦ አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠግቷል።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ። በዚህ ሰዓት መጠየቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን አባትሽ... የጫማ ቀለም ሊሰጡኝ ነበር።»

አዜብ ሳታስበው ዝቅ ብላ እግሩን አየች። ሸራ ጫማ ነው ያደረገው። ከጠዋት ጀምሮ በጆሮዋ የጫማ ቀለም የጠየቃት አራተኛው ሰው እሱ ነው።

ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይህን ቢሰማ ግራ ይገባዋል፤ ለሺንሺቾ ሰው ግን አስረጂ አያስፈልገውም። ጠና በወጣትነቱ አንድ የሚሲዮን ክሊኒክ ውስጥ ቁስል ማጠብና ማሰር ተምሮ፣ ክሊኒኩ ሲዘጋ ሙያውን ይዞ ቤቱ የገባ ሰው ነው። ሁለት ቅባት ነበረው። ቢጫው ድኝና ቫዝሊን ተለውሶ የሚሠራ ሲሆን ለእከክ፣ ለጭርትና ለችፌ ነው። ያንን ሰው በፊት ለፊቱ በር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ልጁን አዝሎ መጥቶ ይወስዳል። ጥቁሩ ግን የኪንታሮት ነው። ጥቁሩን የሚፈልግ ሰው በጓሮ በር ይመጣል፣ ሲመጣም ስለ ዝናብ ያወራል፣ ስለ ልጆች ትምህርት ያወራል፣ ሊሄድ ሲነሣ ብቻ «እግረ መንገዴን...» ይላል። ጠና የሰውን እፍረት ያውቃል፤ ስለዚህ ጥቁሩን ቅባት የሚሰጠው ታጥቦ በደረቀ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ነበር። ቆርቆሮውን ከሊስትሮዎች የሚሰበስብለት ወዳጁ ባለሱቁ ፈትሁዲን ነው። በገበያ ቀን በባዶ እግሩ የመጣ ገበሬ ሳይቀር የጫማ ቀለም በኪሱ ከትቶ ሲመለስ ይታያል። የሚስቅበት የለም፤ ሊስቅ የሚችለው ሰው ቤትም አንድ ቆርቆሮ አይጠፋም።

በከተማው ድሬሰር ጠናን የማያውቅ አልነበረም። እንደማያውቀው የሚያስመስል ግን ሞልቷል። ጎንበስ ብለው ያላሳዩት ትልቅ ሰው የለም፤ መንገድ ላይ ሲያገኙት ግን ሰላምታቸው አጭር ነበረች። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ «የመቀመጫ ሐኪም» ይሉት ነበር። አዜብ ትምህርት ቤት ሳለች ይህን ስም ሰምታ ያለቀሰችበትን ቀን ቆጥራ አትጨርሰውም።

«ይቆዩ፣ ልይልዎት» አለችው ሲላስን። ቅባቱን ለመስጠት ሳይሆን ከዚያ ሁሉ ሹክሹክታ ትንሽ ለማምለጥ ነው የተነሣችው።

የአባቷ መሥሪያ ክፍል ከቤቱ ጀርባ ናት። በሩን ስትከፍተው የድኝ ሽታ ተቀበላት። ሁሉ ነገር በቦታው ነው። ጥቁሩ ቅባት ያለበት የተከደነ ድስት፣ ድኝ የሚመዘንበት ትንሽ ሚዛን፣ ለታማሚው ሁሉ «በጥብጠህ ጠጣ» እያለ የሚያድለው የተልባ ከረጢት፣ ታማሚ ለብ ባለ የጨው ውሃ የሚዘፈዘፍበት ሳፋ። ግድግዳው ላይ ደግሞ በፋሻ የታሰሩ ወረቀቶች፣ እስር በእስር፣ ተሰቅለዋል።

ወረቀቶቹ የጠና ሕግ ናቸው። ለኪንታሮት የመጣን ሰው ገና ከመቀመጡ «ደም አለው?» ብሎ ይጠይቀዋል። አዎ ካለ ዳኛም ይሁን ጋሪ ነጂ፣ መልሱ አንድ ነው። «ሆሳዕና ሆስፒታል ሂድ፤ ተመርመር፤ ወረቀቱን ይዘህ ና። ያለ ወረቀት ጥቁሩን አልሰጥም።» በክሊኒኩ ዘመን አንድ ጎልማሳ ኪንታሮት ነው ተብሎ ዓመት ሙሉ ቅባት ሲቀባ ከርሞ፣ አንጀቱ ውስጥ ሌላ ነገር ኖሮ እጁ ላይ ሞቶበታል። ከዚያ ወዲህ ሰው ቢለምነው፣ ቢቆጣው፣ ዶሮ ይዞ ቢመጣ አይሰማም። በዚህ ሕጉ ምክንያት በጊዜ ታክመው የዳኑ ሰዎች አሉ፤ ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ ከልባቸው የሚያለቅሱት እነሱ ናቸው።

አዜብ ሚዛኑን ከፍ አድርጋ አቧራውን ልትጠርግ ስትል ከሥሩ አንድ የታጠፈ ወረቀት አየች። ከሌሎቹ ጋር አልታሰረም። ዘረጋችው።

የሪፈር ወረቀት ነው። ስም፣ ፈትሁዲን ናስረዲን። ዕድሜ፣ ሃምሳ ስምንት። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ተልባው ከረጢት ላይ ተቀምጣ ደግማ አነበበችው። ለወራት የቆየ ደም መፍሰስ። የክብደት መቀነስ። የአንጀት ዕጢ ይጠረጠራል። አዲስ አበባ ሄዶ በመሣሪያ ይታይ፤ አስቸኳይ። የተጻፈበት ቀን ካለፈ አሥራ አራት ወር ሆኖታል።

አባዬ ይህን ወረቀት እዚህ ምን ያደርገዋል? ረስቶት ነው? ከወዳጁ ደብቆት ነው? አሥራ አራት ወር! እንዲህ ያለ ነገር በአሥራ አራት ወር ውስጥ የት እንደሚደርስ አዜብ ታውቃለች። በመስኮቱ ወደ ጓሮ አየች። ሽቦው ላይ አባቷ ማክሰኞ አጥቦ ያሰጣው ቡናማ ሱሪ እንደተሰቀለ ነው፤ ሊያወርደው የደፈረ የለም። ከሱሪው ወዲያ ፈትሁዲን ሁለት አግዳሚ ወንበር በአንድ ትከሻው ተሸክሞ ወደ ድንኳኑ ይሄዳል። ላቡ ግንባሩ ላይ ይወርዳል። ይህ ሰው እየሞተ ነው፣ አላወቀም፣ ወንበር ይሸከማል፣ አለች በልቧ፤ ድንጋጤው ከሐዘኗ በልጦ እየሮጠች ወጣች።

«ጋሽ ፈትሁዲን! ያስቀምጡት! ያስቀምጡት እባክዎ!»

ፈትሁዲን ወንበሮቹን አወረደ። በእጇ የያዘችውን ወረቀት ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከየት አገኘሽው?»

«አዲስ አበባ ሄደዋል? ታይተዋል? ይንገሩኝ!»

«ልጄ፣ አሁን አይሆንም» አለ ወደ ድንኳኑ እየተገላመጠ። «ለቅሶ ላይ ነን።» ወንበሮቹን እዚያው ትቶ ለጁምዓ ነው ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። የእድር ሥራ ጥሎ ሄዶ የማያውቀው ፈትሁዲን ያን ዕለት ዓይኑም አልታየም።

ቅዳሜ ጠዋት አዜብ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከግቢው ልትወጣ ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት።

«ወዴት ነው?»

«ፈትሁዲን ሱቅ።»

«ሐዘንተኛ ነሽ እኮ! ሦስት ቀን ሳይሞላ፣ ድንኳን ሳይነሣ ከግቢ ይወጣል? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የፈለገውን ይበል። ጋሽ ፈትሁዲን ታሟል፣ እማዬ። ዛሬውኑ ካልሄደ ይሞታል። አባዬ ወረቀቱን ረስቶበታል።»

ገነቴ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ተመልሳ ዘጋችው። እጇንም ለቀቀች። አዜብ በችኮላዋ አላስተዋለችውም።

ሐዘንተኛ በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ባጃጁ ሁሉ ቆመላት። ሰው ገለል እያለ፣ «ወይኔ፣ የጋሽ ጠና ልጅ ናት! ነክቷት ይሆን?» ተባባለ። እሷ ግራ ቀኝ አላለችም። ፈትሁዲን ሱቁን ለሐዘኑ ሲል አንዱን መዝጊያ ዘግቶ፣ በግማሽ ጨለማ ውስጥ በስኳር ጆንያዎች መሃል ተቀምጦ አገኘችው።

«ተነሡ» አለችው። «መኪና እንይዛለን። አንድ አባት ቀብሬያለሁ፤ ሁለተኛ አልቀብርም።»

ፈትሁዲን እንደዚያ ያለ ትልቅ ሰው፣ ግንባሩን ባንኮኒው ላይ ደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሲበቃው ቀና ብሎ በመዳፉ ፊቱን ጠረገ።

«እኔ ምንም የለብኝም፣ ልጄ። ጤነኛ ነኝ።»

«ወረቀቱ ላይ ስምዎ አለ!»

«ስሙ የኔ ነው። ሕመሙ የጋሽ ጠና ነው።»

አዜብ ሰማችው፤ ግን አልገባትም። ደግሞ ጠየቀችው። ደግሞ ነገራት።

«አምና መስከረም ላይ ነው የጠሩኝ። ‹ፈትሁዲን፣ ደም አየሁ፤ ከሰኔ ጀምሮ ነው› አሉኝ። ‹ታዲያ ሕግዎ አይደል? ሆሳዕና ይሂዱ› አልኳቸው። ‹እንዴት አድርጌ?› አሉኝ። ‹እዚያ በር ላይ የተሰለፈው ሰው ግማሹ እኔ የላክሁት ነው። የኪንታሮቱ ድሬሰር ራሱ በኪንታሮት ተሰለፈ ከተባለ ከነገ ወዲያ ማን ይሰማኛል? ማን ሂድ ስለው ይሄዳል?› አሉ። ከዚያ... እኔ እንድሄድላቸው ለመኑኝ።»

«እርስዎ እንዲመረመሩላቸው?»

«እኔ እንድናገርላቸው። ስንት ወሩ፣ ቀለሙ ምን እንደሚመስል፣ ስንት ኪሎ እንደቀነሱ፣ እንደ ፈተና አስጠኑኝ። ሄድኩ። ለሐኪሙ ተናገርኩ። ልብስህን አውልቅ ሲለኝ እንቢ አልኩ፣ ተጣላን። ደሜን ወሰዱና አዩት። ሐኪሙ ግራ ገባው። ‹ሰውዬ፣ ይህን ያህል ደም ሲፈስህ ከከረመ ይሄ ሁሉ ደም ከየት መጣ?› አለኝ።» ፈትሁዲን እያለቀሰ ፈገግ አለ። «ያን ቀን ከጋሽ ጠና ጋር ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የተባለውን ሁሉ አምኖ ግን ጻፈልኝ። አስቸኳይ ብሎ ጻፈ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጥቅምት ላይ ሄዱ። አዲስ አበባ ነው ብለው ማንም ሳያውቅ፣ እኔ ራሴ አዲሎ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ‹በራሴ ስም እዚያው እታያለሁ› አሉኝ። በአራተኛው ቀን ተመልሰው መጡና አቀፉኝ። ‹በመሣሪያ አዩኝ፤ ኪንታሮት ብቻ ነው፤ ቅባት ተቀባ አሉኝ› አሉ። ወላሂ አመንኳቸው! ረቡዕ ዕለት ልብ ነው ሲባልም አመንኩ። ትናንት ወረቀቱን እጅሽ ላይ ሳየው ነው እንዳታለሉኝ የገባኝ። ወረቀቱን እኮ ቀድጄ ጣልኩት ብለውኝ ነበር።»

አዜብ ባንኮኒውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ጥቅምት ነው ያሉኝ?»

«አምና ጥቅምት። አራት ቀን።»

አምና ጥቅምት አራት ቀን። አባቷ አዲስ አበባ አልሄደም። ከአዲሎ መኪና ይዞ የሄደው ሆሳዕና፣ እሷ ዘንድ ነው።

ሳይነግራት ነበር የመጣው፣ ቡላና ቅቤ በፌስታል ይዞ። «ናፈቅሽኝ» አላት። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠገነ፣ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባ፣ ሥራ ውላ ስትመጣ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ከግቢው ጓሮ ወዳለው መጸዳጃ ቤት ይመላለስ ነበር፤ «ሽማግሌ ሆንክ» ብላ ቀለደችበት። በሦስተኛው ቀን የሥራ ባልደረቦቿን ምሳ ጠራች። ጠና ደስ ብሎት የክሊኒኩን ዘመን ያወራ ጀመር፣ አንዱን ታማሚ እንዴት ሳፋ ላይ እንዳስቀመጠው ሊያሳይ ከወንበሩ ተነሣ። አዜብ ፊቷ ጋለ። «አባዬ፣ ምግብ ላይ ነን!» ብላ አስቆመችው። እንግዶቹ ሲሄዱ ደግሞ ሳህን እያነሣች፣ ዓይኑን ሳታይ፣ «እዚህ ከተማ የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚያውቅ የለም። እባክህ አታሳውቅብኝ» አለችው።

«እሺ» አለ ጠና።

በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ስትጣደፍ በር ላይ ቆሞ አገኘችው፣ ቦርሳውን ይዟል።

«አዜብዬ፣ አንድ ሰው አለ። ደም ያያል።»

«ታዲያ ወረቀት አምጣ አትለውም? የራስህ ሕግ አይደል?»

«ወረቀትስ አለው። አዲስ አበባ ሂድ የሚል።»

«ይሂዳ!»

«ይፈራል።»

«ትልቅ ሰው አይደለም እንዴ? ምን ያስፈራዋል?»

ጠና ሳቀ። «እኔም እሱን ነው የምለው» አላትና ግንባሯን ስሞ ሄደ።

አዜብ ያንን ቀን በሕይወቷ ካሉት ደኅና ቀናት አንዱ አድርጋ ነበር የያዘችው። አሁን ሱቁ ውስጥ ቆማ መልሳ ሰማችው። ሊነግራት ነበር የመጣው። አራት ቀን ሙሉ ቃሉን አፉ ላይ ይዞ ቧንቧ ሲጠግን ከርሞ፣ እሷ ዝም አሰኘችው።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለ ፈትሁዲን ከኋላዋ። «አደራ ብለውኛል። ስማቸው በዚህ እንዳይነሣ።»

የተመለሰችበትን መንገድ አላየችውም። ድንኳኑ ደጃፍ ስትደርስ ሌሎች ሴቶች መጥተዋል፤ ወሬው ግን ያው ነው። ልብሱን ራሱ የሚያጥብ። በቤተ ክርስቲያን የማይቀመጥ። በጾም ሥጋው ያለቀ። ትናንት የኮራችበትን እያንዳንዱን ነገር አሁን ስትሰማ ጆሮዋን መድፈን አማራት። ያመሰገኑት ሕመሙን ነበር። ዓመት ሙሉ ከተማው በሙሉ ምልክቱን አንድ በአንድ አይቶ፣ አንድ በአንድ አመስግኗል። እሷም ፋርማሲስቷ ከመካከላቸው ተቀምጣ ኮርታለች።

«እህቴ አዜብ» አለ ሲላስ፣ በጓሮው በኩል ተከትሏት። «ያቺን የጫማ ቀለም...»

አዜብ ዞራ አየችው። አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሦስት ልጆች አሉት። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቷል።

«ደም አለው?»

ሲላስ ግራ ቀኙን አየ። «ትንሽ። ከግንቦት ጀምሮ።»

«ወረቀትስ?»

«አባትሽ ሂድ ብለውኝ ነበር። እኔ ግን... ወንጌላዊ ነኝ፣ ሰው ያውቀኛል። እዚያ ሰልፍ ላይ ቆሜ... ለኔስ ያዝኑልኝ ነበር። ያለ ወረቀት ይሰጡኝ ነበር።»

አዜብ የፈትሁዲን አደራ ትዝ አላት። ይህን አንድ ቃል ካወጣችው ነገ ሺንሺቾ፣ ከነገ ወዲያ ሙዱላ ይሰማዋል። የኪንታሮቱ ድሬሰር በምን እንደሞተ ሕፃን ሳይቀር ያወራዋል። አባቷ የሞተው ይህ እንዳይወራ ብሎ ነው። ዝም ብትል ስሙ በክብር ይቀራል፤ ሲላስም ወይ ከሌላ መድኃኒተኛ ቅባት ፈልጎ ይሄዳል፣ ወይ ጨርሶ ይተወዋል። ከግንቦት ጀምሮ ነው ያለው።

«ደም እያየ ያለ ምርመራ ጥቁሩን የተቀባ አንድ ሰው ብቻ ነው» አለችው።

«ማነው?»

«አባቴ። ዓመት ከስድስት ወር ደም ሲፈሰው ከርሞ፣ አፍሮ፣ ደብቆን፣ ራሱን በቅባት ሲያታልል ሞተ። ልቡ አይደለም። ሐሙስ ዕለት መቃብሩ ላይ የሰበኩለት እርስዎ ነዎት።»

ሲላስ ቀስ ብሎ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ፣ ወዲያው ደግሞ መቀመጡ አሞት ተነሣ። አዜብ ይህንንም አየች።

«ሰኞ ጠዋት ሆሳዕና አብረን እንሄዳለን» አለችው። «ሰልፉ ላይ አብሬዎት እቆማለሁ። በራስዎ ስም ነው የሚመዘገቡት።»

ሲላስ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ብቻዋን ስትቀር ወደ ሽቦው ሄደች። ቡናማው ሱሪ አራት ቀን ፀሐይና ጤዛ ተፈራርቀውበት ደርቋል። አወረደችው፤ ገልብጣ አየችው። መቀመጫው ላይ በሳሙና ታሽቶ ያልለቀቀ፣ የሻይ ቀለም ያለው ሰፊ ምልክት አለ። ጨርቁ ከመታሸት ብዛት እዚያች ቦታ ላይ ሳስቷል።

አባቷ ታማሚዎቹን የሚያስቀምጥበትን ሳፋ አወጣች፣ ውሃ ሞላችበት፣ ሳሙና ይዛ ጎንበስ አለች።

«ኧረ በጌታ! ሐዘንተኛ ልብስ አያጥብም!» አለች ከወጥ ቤት የመጣች ሴት። «አምጪው፣ እኛ እናጥበዋለን!»

«አይሆንም» አለች አዜብ። «የማንም እጅ አይነካውም።»

ሴትዮዋ ደንግጣ ገነቴን ጠራቻት። ገነቴ ከድንኳኑ ወጥታ መጣች። ሳፋውን አየች፣ ሱሪውን አየች፣ ሴትዮዋን በዓይኗ አሰናበተቻትና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ለብቻው አይለቅም» አለች ገነቴ። «ጨው ይፈልጋል። እሱ ካጠበው በኋላ እኔ በጨው እደግመው ነበር። እሱ ወደ ፈትሁዲን ሱቅ እስኪሄድ እጠብቅና አጥቤ፣ ልክ እሱ እንዳሰጣው አድርጌ አሰጣዋለሁ። ያወቅሁበት እንዳይመስለው።»

አዜብ እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀና አለች።

«ታውቂ ነበር? እማዬ፣ ታውቂ ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ኪንታሮት መስሎኝ ነዋ» አለች ገነቴ። «የኪንታሮትን ነገር ከሱ በላይ ማን ያውቃል?»

አዜብ ያኔ አለቀሰች። ድምፅዋ ድንኳኑ ድረስ ተሰማ፤ ሴቶቹ ተነሥተው ሊመጡ ሲሉ ገነቴ በእጇ ከለከለቻቸው። ከክፍሉ ጨው አምጥታ በተነችበት። ልጅቷ አሸች፣ እናትየው ከጀሪካኑ ውሃ ጨመረች። ውሃውን ሦስት ጊዜ ደፍተው ቀየሩት።

ሲለቅቅ ገነቴ ጎንበስ ብላ የሱሪውን አንዱን እግር ያዘች። አዜብ ሌላውን ያዘች። ሁለቱም ቆመው፣ ወደየራሳቸው አቅጣጫ ጠምዝዘው፣ ጠብታው እስኪያልቅ ጨመቁት።